ዳገት ካልወጡባት ምንም አይላት

በጅግጅጋ ለሽያጭ የቀረበች ያገለገለች መኪና ሁሉ የሐኪም ነበረች። ሐኪሙ ከቤቱ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤቱ እንጂ ሌላ ቦታ ነድቷት አያውቅም። የሐኪም ካልሆነች የሴት ናት፤ ሴትየዋም ጉድጓድ ስታይ ወርዳ በእግሯ የምትሄድ ዓይነት ናት። የሴትም ካልሆነች የዲያስፖራ ናት፤ ሰውየው ከሚኒሶታ ለዕረፍት መጥቶ ጥቂት ከነዳት በኋላ ሸራ አልብሷት ተመልሷል። ከአወዳይ ጫት ጭና ወደ ቶጎ ውጫሌ ስትበር የኖረች መኪና ግን እስከ ዛሬ ለገበያ ቀርባ አታውቅም። ሐርትሼክ ድረስ ኮንትሮባንድ ስታመላልስ የከረመችም የለችም። እነዚያ መኪኖች ሲያረጁ የት እንደሚገቡ የሚነግረን አላገኘንም፤ ምናልባት በክብር ጡረታ የሚወጡበት ስውር ግቢ ይኖር ይሆናል። በደላሎቻችን ቃል ከሄድን የሶማሌ ክልል በሐኪም ብዛት ከዓለም አንደኛ ሳይሆን አይቀርም። ታመን ጤና ጣቢያ ስንሄድ ግን ያ ሁሉ ሐኪም የለም፤ መኪናውን ሊሸጥ ወጥቷል።

ይህን የምለው ደላላውን ለመውቀስ አይደለም። ደላላ የሚያቀርበው ገዢው የሚፈልገውን ነው፤ ገዢው የሚፈልገው ደግሞ ታሪክ ነው፤ መኪናዋ ምርቃት ናት። ስለዚህ ዛሬ ላመሰግን የተነሣሁት ገዢውን ነው፦ መምህሩን፣ የቢሮ ሠራተኛውን፣ ዕቁብ የወጣለትን ባለሱቅ። ቲማቲም ሲገዛ አንድ በአንድ እያገላበጠ የሚመርጠው ይህ ጠንቃቃ ሰው፣ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ይዞ መኪና ፊት ሲቆም ድንገት ጨዋ ይሆናል። ማገላበጥ ያፍራል። ጎማዋን በጫማው ጫፍ አንድ ጊዜ ይመታል፤ የቴክኒክ ምርመራው በዚህ ተጠናቀቀ። ኮፈኖውን ያስከፍትና አፍጥጦ ያያል። ሞተሩ ጠዋት በነዳጅ ታጥቦ ስለሚያብለጨልጭ የሚተችበት ነገር አያገኝም፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቦታ ቢኖርም ምልክቱ ከእጣቢው ጋር ሄዷል። ከዚያ ቴፑን ያስከፍታል። ድምፁ ጥሩ ነው። ቀለሟም ነጭ ነው፤ «ነጭ ሲሸጥ አያስቸግርም» ይላል ለራሱ። ገና ሳይገዛት መሸጫዋን ማሰቡ በመኪናዋ ላይ ያለውን እምነት በደንብ ይገልጸዋል።

በተለይ «ጋራዥ አታውቅም» ሲባል ፊቱ ይበራል። ለ20 ዓመት ጋራዥ ያላወቀች መኪና ዘይቷን ማን ቀየረላት? የፍሬን ሸራዋን ማን ነካላት? ብሎ አይጠይቅም። በርግጥም ጋራዥ ካላወቀች ማንም አልነካላትም፤ ደላላው ለአንድ ጊዜም ቢሆን እውነት ተናግሯል።

ነድቶ መሞከርም አለ። ጅግጅጋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ለመኪና ሻጭ ፈጣሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላዘጋጀም። ልሙጡ አስፋልት ላይ ትንሽ ወዲህና ወዲያ ይባላል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ክላክስ ይመታል፣ አራተኛ ማርሽ ሳይገባ ሙከራው ያበቃል። ከከተማው ወደ ሐረር ሲወጡ ደግሞ የካራማራ ተራራ አለ። ራዲያተሯ ይፈላ እንደሆነ፣ ፍሪሲዮኗ ያንሸራትት እንደሆነ፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ እንደሆነ ዳገቱን መውጣት በጀመረች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚናገር፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ጉቦ የማይቀበል መርማሪ ነው። በሲቲ ዞን በኩል ላሉት ገዢዎች ደግሞ የሺኒሌና የኤረር ሙቀት አለላቸው፤ እኩለ ቀን ላይ ኤሲዋ ተከፍቶ ለጥቂት ጊዜ የቆመች መኪና ደብቃ የኖረችውን በሽታ ሁሉ ትናዘዛለች። ግን ማን ይሞክራል? «ካራማራን እንውጣባት» ያለ ገዢ ሰምቼ አላውቅም። ቢልም መልሱ የታወቀ ነው፦ «አቦ፣ ምን ታካብዳለህ! ዋላሂ፣ ዳገት ካልወጣህባት ምንም አይላት!» ገዢውም ያምናል። ነገሩስ እውነት አይደል? በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ታንክ የተፈተነበት፣ በየዓመቱ የካቲት 26 ቀን ድሉ የሚታሰብበት ተራራ ላይ 1000 ሲሲ ቪትዝ ትፈተን ማለት ለታሪክ አክብሮት ማጣት ነው።

የጥበቡ ቁንጮ ግን ቀኝ መሪ ነው።

ቶጎ ውጫሌ ከጅግጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበርበራ ወደብ ወርዶ በሐርጌሳ በኩል የመጣው የጃፓን መኪና ድንበሩ ማዶ ተሰልፎ ይጠብቃል፦ ማርክ ቱ፣ ፕሮቦክስ፣ ቪትዝ፣ ሰርፍ። ዋጋው በዶላር ነው፤ ዋጋው ሲነገር አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ስልኩ ላይ ይጮሃል። ርካሽ ነው! የርካሽነቱ አንዱ ምክንያት እዚያው ጃፓን ይጀምራል። በጃፓን አዲስ መኪና በ3 ዓመቷ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ «ሻከን» የሚባል ጥብቅና ውድ ምርመራ ይጠብቃታል፤ ብዙ ባለቤት ለምርመራው ከሚከፍል መኪናዋን ቢሸጥ ይመርጣል። ጃፓናዊው ምርመራ ሸሽቶ የሸጣትን እኛ ሳንመረምር እንገዛታለን። እንዲህ ባለ መተማመን ነው የዓለም ንግድ የሚያድገው።

ጃፓኖች መንገዱን በግራ ይዘው ይነዳሉ፤ እኛም የሶማሌላንድ ጎረቤቶቻችንም በቀኝ። ስለዚህ ቀኝ መሪ የጨበጠ ሾፌር ከመንገዱ ይልቅ ዳር ላይ የምትግጠውን ፍየል አጥርቶ ያያል። የጭነት መኪና ለመቅደም ሲያስብ የሚታየው የጭነቱ ጀርባ ብቻ ስለሆነ ውሳኔው በግራው ወደ ተቀመጠው ተሳፋሪ ይዛወራል። «እለፍ! ባዶ ነው!» ይላል ተሳፋሪው፣ ከስልኩ ቀና ብሎ። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ከፊት የሚመጣውን ሲኖትራክ ርቀትና ፍጥነት ግን የሚለካው እሱ ነው። ሥልጣኑን እንዲህ የሚያካፍል መሪ በአገራችን ሌላ የት አለ? መብራቷስ? አጭር መብራቷ ለጃፓን መንገድ የተሠራ ስለሆነ ጨረሩ ወደ ግራ ከፍ ይላል። ጃፓን ውስጥ በግራ በኩል ያለው የመንገዱ ዳር ነው፤ ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪ በያህ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ነው። ሚኒባስ ከሆነች ደግሞ ተንሸራታች በሯ በግራ ነው፤ እናት ልጇን አዝላ የምትወርደው አስፋልቱ መሀል ላይ ነው።

ቅናሹ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ በገበያው ነውር ነው። ልጠይቅ። መኪናዋ የረከሰችው ቀረጥ ስላልተከፈለባት ነው። ቀረጥ ስላልተከፈለባት ሊብሬ የላትም፤ ሊብሬ ስለሌላት ቦሎ አይለጠፍባትም፤ ሦስተኛ ወገን መድንም አይገባላትም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ያለዚህ መድን መኪና መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ሰው የገጨች ዕለት መድን ድርጅቱ የጎሳ ሽማግሌው፣ ካሳውም የዘመዶች መዋጮ ነው። ደግሞም ዓለሟ ኬላው ላይ ያበቃል። ጅግጅጋ ውስጥ የተከበረች፣ አውበሬ ሠርግ የምታደምቅ መኪና ባቢሌን ለማየት አልታደለችም። ጉምሩክ ካገኛት ትወረሳለች። ጉምሩክ የወረሰውን ደግሞ በጨረታ ይሸጣልና ባለቤቷ ተጫርቶ የራሱን መኪና ሁለተኛ ሊገዛት ይችላል፤ ይህ ለመኪናው ያለውን ፍቅር ለማረጋገጥ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ባንክም ይህን ፍቅር አይረዳም። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥ ባንክ ሄዳችሁ በሙራባሃ መኪና ግዛልኝ ብትሉት፣ እሱ ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ሊሸጥላችሁ ነውና መጀመሪያ ወረቀቷን ይጠይቃል። ገዢያችን በዚህ ይቀየማል። ከአጎት፣ ከአክስት፣ ከሐዋላ ለቃቅሞ ጥሬ ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው፣ ያለ ደረሰኝ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ያስረክባል። ባንክ ያልደፈረውን የደፈረ ጀግና!

«እኔ እንኳ የምገዛው ሕጋዊ፣ ግራ መሪ ቪትዝ ነው» የሚል ጠንቃቃም አለ፤ እሱም ምስጋና አይቅርበት። ለዓመታት የምናውቃት ቪትዝ ቶዮታ በአገሩ በጃፓን የሸጣት መኪና ናት፤ ወደ ሌላው ዓለም ስትወጣ ስሟ ያሪስ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን ራሷ ቪትዝ የሚለውን ስም ትታ ያሪስ አለቻት። የጃፓን መሪ በቀኝ ከሆነ፣ ያቺ ያረጀች ግራ መሪ ቪትዝ ከፋብሪካ እንዲህ ሆና አልወጣችም። መንገድ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዱባይና በሻርጃ ጋራዦች፣ ዳሽቦርዷ ተነቅሎ መሪዋ ተዛውሯል። አዛዋሪው ጎበዝ ከሆነ ብዙ ዓመት ታገለግላለች፤ ካልሆነ መሪው የሚነግራችሁና ጎማው የሚሰማው ይለያያል። ለማወቅ ዝናብ መጠበቅ ይበቃል። ዝናብ መጥረጊያዋ አብሮ ካልተቀየረ ዛሬም የሚጠርገው ለቀኙ ሾፌር ነው፤ በግራው ሾፌር በኩል ያለው ጥግ እንደ ረጠበ ይቀራል። ዝናብ ብርቅ በሆነበት በሺኒሌ ይህ ምስጢር ለልጅ ልጅ ይቆያል።

ወረቀት ላላት መኪናም ጥበቡ አይቋረጥም። ስም ማዛወር ገንዘብና ወረፋ ስለሚጠይቅ በውክልና መግዛት ይቀላል። ሻጩ ይወክልሃል፣ አንተም ለሚቀጥለው ትወክላለህ፣ አራተኛው ገዢ ላይ ሲደርስ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ተረት ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በመርሕ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም እንዲያከትም ያደርጋል። በዚህ መንገድ የገዛ ሰው እንግዲህ ለማያውቀው ሽማግሌ ዕድሜና ጤና ከልቡ ይጸልያል። በዓል ሲደርስ ይደውልለታል፤ ስኳሩ እንዴት ነው? ደም ግፊቱስ? መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ እንጂ! የገዛ አባቱን እንዲህ ጠይቆት አያውቅም።

መንግሥትም የድርሻውን ተወጥቷል። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀች ቁጥር ትረክሳለች። እኛ ግን በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖች ላይ ኤክሳይዝ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረስነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ደመወዙ ከዶላሩ ጋር ያልሮጠ መምህር ዓይኑን ወደ ቶጎ ውጫሌ ቢያዞር ምን ይገርማል? ሕጋዊውን በር እንዲህ አጥብቦ ሲያበቃ ኬላ ላይ ቆሞ «ለምን በመስኮት ገባችሁ?» ማለት ቀልድ የሚያውቅ መንግሥት ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ ግዙ የሚለው ምክርም ከአዲስ አበባ ደርሶናል፤ ቻርጅ ማድረጊያው አብሮት ሲደርስ እናስብበታለን።

ይህ ሁሉ ግን ገዢውን ነፃ አያወጣውም። ቀረጡን እሱ አላወጣው ይሆናል፤ ዓይኑን የጨፈነው ግን እሱ ነው። ገበያው ላይ ካለው ነገር ሁሉ ርካሹ የመካኒክ የግማሽ ቀን አበል ነው፤ ገዢያችን እሷን ይቆጥባል። «መካኒክ ላሳያት» ሲል ሻጩ ያኮርፋል፤ ደላላው «አታምነኝም እንዴ?» ይላል፤ ገዢውም ሰው ላለማስቀየም ዝም ይላል። በጣም ካስቸገረ ደላላው ራሱ መካኒክ ያመጣለታል። የደላላው መካኒክ ሞተሩን ያዳምጥና «ማሻአላህ» ይላል። ከወር በኋላ ያው መካኒክ ቴስታታውን ፈትቶ «ማን ነው ይህን የሸጠልህ?» ብሎ ያዝናል።

ሽሙጡን እዚህ ላይ ልተወው። ደላላው ያላመጣውን፣ የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ድረሱ። የዘይት መክደኛውን ስትከፍቱ ነጭ አረፋ ካያችሁ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል ጓርኒሲዮኑ ሳይታይ አትስማሙ። የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አንብባችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ቁጥሩ ዙሪያ አዲስ ብየዳ ወይም አዲስ ቀለም ካለ አትቀጥሉ። ሊብሬውን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ጠይቁ፤ ስሙ ሳይዞር የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡ። ከዚያ ካራማራን ውጡባት። ሻጩ ከእነዚህ አንዱን እንኳ እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ በባጃጅ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።