ጎሃ ጽዮን ላይ ያደረ መጽሐፍ

የስቲቨን ኪንግን «ሳሌምስ ሎት» ብዙ ሰው የደም መጣጮች ታሪክ ነው ይላል። እኔ ግን የከተማ ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ኪንግ በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት መምህር ሳለ «ድራኩላ»ን ለተማሪዎቹ ያስተምር ነበር። ያ ፍጡር በዘመናችን አሜሪካ ቢመጣስ ብሎ አሰበና እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን ልብ ወለድ አሳተመ። ፍጡሩን ያሰፈረው 1300 ያህል ሰው በሚኖርባት፣ ሁሉም የሁሉን ገበና በሚያውቅባት ትንሽ ከተማ ነው።

እኔ ያነበብኩት ጎሃ ጽዮን አድሬ ነው። አውቶቡሳችን ዓባይ በረሃ ሳይወርድ ተበላሸና አልጋ ያዝን። መብራት ጠፍቷል፤ በስልኬ ብርሃን አነባለሁ። ሞቶ የተቀበረው ልጅ ዳኒ ግሊክ በሌሊት መጥቶ የጓደኛውን የማርክን መስኮት በጥፍሩ እየቧጨረ አስገባኝ ይላል። ካልጋበዙት መግባት አይችልም። ማርክ ከመጫወቻ መቃብሩ ላይ የፕላስቲክ መስቀል ገንጥሎ ያዘ።

በሬ ተንኳኳ። የልጅ ድምፅ ነው፤ «ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ!»

ደሜ ቀጥ አለ። ተስፈንጥሬ ስነሳ የውኃውን ጆግ ደፋሁት፤ መጽሐፉ በሰበሰ። ልጁ ሻማ ይዞ ቆሟል፤ የአልጋ ቤቷ ባለቤት እናቱ ልካው ነው።

ጠዋት እናቱ መጽሐፉን ከሰል ዳር እያገላበጠች አደረቀችልኝ። ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ወንድማማቾች ጫካ ሲያቋርጡ ትንሹ ጠፋ፣ ትልቁ ዳኒ ሞተ፣ ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ እያለቀ ከተማው ባዶ ሆነ።

«ጎረቤቱስ ምን ይሠራ ነበር?» አለችኝ።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ስለዚህ መጽሐፍ አልሰማሁም። ሜብል ወርትስ የምትባል አሮጊት አለች፤ አቅርቦ ማሳያ መነጽሯንና ስልኳን ይዛ መስኮት ሥር ትውላለች። የሁሉን ምስጢር ታውቃለች፤ ማንንም አላዳነችም። አንዲት ወጣት እናት ደግሞ ጨቅላዋን ትመታለች። ደም መጣጭ የሌለባቸው እነዚህ ገጾች ከመስኮቱ ጭረት ይልቅ አስፈሩኝ፤ ኪንግም የተራቀቀው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ባርሎው የተባለው ፍጡር በር ሰብሮ አልገባም። ወኪሉ ስትሬከር ሰው ራሱን የሰቀለበትን የማርስተንን ቤት በሕጋዊ ውል ገዛለት፤ የቤት ዕቃ ሱቅም ከፈቱ። ሻጩ ላሪ ክሮኬት ትርፉ ስለበዛለት ዝም ለማለት ተስማማ። መጽሐፉን የምታነቡ ሰዎች ይህን የሽያጭ ድርድር ቶሎ ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ፤ ከተማዋ ያለቀላት እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው።