ማኅተመ ድንች፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለሚሠራ የበዓል ካርድ አጭር ጥናት

1. የጥናቱ ወሰን

ይህ ጥናት በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ልጆች ለበዓል በእጃቸው የሚሠሩትን ካርድ ይመረምራል። የጋይንቱ መረጃ የተሰበሰበው ከአጥኚው ልጅነት ነው። የስማዳውና የእስቴው ደግሞ ለበዓል ከመጡ ያክስት ልጆች በቃል ተገኝቷል። ናሙናው አነስተኛ ነው የሚል ተቺ ቢነሣ፣ አጥኚው ራሱም በዚያን ጊዜ አነስተኛ እንደነበር ከግምት እንዲያስገባ እንጠይቃለን።

በዚህ ጥናት «ካርድ» ማለት ከደብተር እምብርት የወጣ ድርብ ወረቀት ነው። እምብርቱ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፋብሪካው ራሱ ለሁለት አጥፎ አዘጋጅቶታል። ሁለተኛ፣ ሽቦው ላላ ሲደረግ ያለ ኮሽታ ስለሚወጣ አባት ጉዳዩን የሚያውቀው ከበዓሉ በኋላ ነው።

2. ታሪካዊ ዳራ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ለወዳጆቹ ደብዳቤ መልስ መጻፍ ቢሰለቸው፣ ሠዓሊውን ጆን ካልኮት ሆርስሊን አዝዞ የገና ካርድ አሳተመ። የአንዱ ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር። በዚያው ዓመት ደብረ ታቦር ላይ ይገዙ የነበሩት ራስ አሊ ካርድ ስለ መላካቸው የተገኘ ማስረጃ የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተቀናቃኛቸው ደጃች ውቤ ጦር ይዘው እዚያው ድረስ መጥተውባቸው ስለነበር፣ እንግዳ ለመጥራት ፍላጎት ያደረባቸው አይመስልም።

የእኛ ካርድ ግን ከለንደን የመጣ አይደለም። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከእንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 1 ማለዳ ወንዶች ልጆች መልአክ፣ ፀሐይና አደይ አበባ የሣሉበትን ወረቀት ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ሥዕሉ አይሸጥም፤ ይሰጣል። ሰጪው ግን ሳንቲም እስኪወጣ ድረስ ከደጃፉ ንቅንቅ አይልም። የገናው ካርድ የዚሁ ተቋም የታኅሣሥ ቅርንጫፍ ነው።

3. መሣሪያዎች

ሀ. ማኅተም። ድንችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ሺምፐር ያሰበው ለምግብነት ነበር። የጉና ተራራ ግርጌ ልጆች ግን ድንች ለሁለት ሲከፈል ፊቱ እንደ ማኅተም ልሙጥ መሆኑን ደረሱበት። ኮከብና መስቀል በቢላዋ ጫፍ ይቀረጽበታል።

ለ. ምላጭ። ወረቀት አራት ጊዜ ይታጠፍና ጠርዙ በአሮጌ ምላጭ ይቦረቦራል። ሲዘረጋ በመስቀል አምሳል ይወጣል። ሳይዘረጋ የተቀደደ እንደሆነ «ኮከብ ነው» ይባላል።

ሐ. ቀለም። ጥቁሩ ከምጣድ ቂጥ ከተፋቀ ጥላሸት ይበጠበጣል። የብራና ጸሐፍትም ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ ጥላሸት ስለሚጨምሩ፣ ካርዳችን በኬሚስትሪ ረገድ ከዜማው መጽሐፍ ከድጓው ጋር ዘመድ ነው። በሌላ ረገድ ዝምድናውን ማረጋገጥ አልተቻለም።

4. ግኝቶች

አንደኛው ግኝት በረዶን ይመለከታል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የሱቅ ካርድ በበረዶ የተሸፈነ መንደርና በበረዶው መሀል የሚስቁ ሰዎች አሉበት። በእኛ አገር በረዶ ማለት ገብስ የሚያወድም፣ ከሰማይ የሚወርድ ድንጋይ ነው። ሰብላቸው የጠፋባቸው ሰዎች ምን እንዳሳቃቸው ለማወቅ ጥረት ተደርጓል። ካክስት ልጆቼ አንዱ ሥዕሉን ሲገለብጥ በረዶውን በልኩ፣ ማለት በዶሮ እንቁላል መጠን ስላወረደው፣ የገና አባት እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ሲሮጥ ይታያል።

ሁለተኛው ቤተልሔምን ይመለከታል። ጋይንት ውስጥ የድጓ መምህራን የሚመሰከሩባት ቤተልሔም አለች። በየደብሩ ኅብስት የሚዘጋጅባትም ቤት ቤተልሔም ትባላለች። በዚህ ምክንያት ኮከቡ በካርዳችን ላይ ያረፈው ሣር ክዳን ላይ ነው። እረኞቹ ጋቢ ደርበዋል፤ አንደኛው የገና ዱላ ይዟል። ሥዕሉ ስሕተት አለበት ያለ የአካባቢው ሰው አልተገኘም።

ሦስተኛው ነፋስን ይመለከታል። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። እዚያ ካርድ እንዲደርቅ ደጅ ማኖር ያለ ቴምብር መላክ ማለት ነው። በ1886 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመን የተመሠረተው ፖስታ አድራሻ ጠይቆ ያደርሳል። ነፋሱ ተቀባዩን ራሱ ይመርጣል።

አራተኛውና ዋናው ግኝት ፊደልን ይመለከታል። ድንች ላይ የተቀረጸ ነገር ሁሉ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይታተማል። ኮከብና መስቀል ለዚህ ደንታ የላቸውም። ከፊደላችን ደግሞ «ሀ»፣ «ሠ» እና «ዐ» ቢገለበጡም መልካቸው ያው ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ውስጥ ካሉት ዐሥር ፊደላት መካከል ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። አጥኚው ይህን የተረዳው ዐሥሩንም ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ነው። ካርዱ ለየኔታ በቀረበ ጊዜ፣ ወዲያና ወዲህ አዙረው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ይህ ፊደል ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው» ብለዋል።

ያም ሆኖ ጎረቤታችን እማማ ካርዱን ተቀብለው በግድግዳው ላይ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ግርጌ ለጠፉት። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸውን፣ ወርቅ ቅብ ያለበትን የሱቅ ካርድ በሳጥን ከተቱት። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ያኛውማ ለማንም ይሆናል፤ ይኼን ጥፋት ማን እንዳጠፋው ዐውቀዋለሁ» ሲሉ መልሰዋል። የተገለበጠው ካርድ ክረምት ገብቶ ግድግዳው እስኪረጥብ ድረስ ከቦታው አልተነሣም።

5. የጥናቱ ችግርና ድምዳሜ

ጥናቱ አንድ ከባድ ችግር ገጥሞታል፤ ዋናው ማስረጃ የለም። እናቴ ማኅተሙን ባገኘች ጊዜ «ይህን የመሰለ ድንች እንዲህ ቦጫጭቀኸው ማን ሊበላው ነው?» አለች። ጥያቄው በዚያው ምሽት መልስ አገኘ። ጥላሸት የነካው ፊቱ ተልጦ፣ የቀረው ተቀቅሎ በበርበሬና በጨው ቀረበ። የነገሥታት ማኅተም በየቤተ መዘክሩ ተቀምጦ ሳለ የእኛው ያልተገኘው ሊቃውንት ስለናቁት አይደለም። ቤተሰቡ ስለበላው ነው።

ስለዚህ የደረስንበት ድምዳሜ እንደሚከተለው ነው፦ የሱቅ ካርድ ስሕተት ስለሌለበት ከማን እንደመጣ ለማወቅ ፊርማ ያስፈልገዋል፤ በእጅ የተሠራው ፊርማው ስሕተቱ ነው።

ከነፋስ መውጫ እስከ ስማዳዋ ወገዳና እስከ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ ያላችሁ አንባቢያን፣ ፊደሉ የተገለበጠ ካርድ በግድግዳችሁ ላይ ካለ አታርሙት፤ መስታወት ፊት ያዙትና አንብቡት። ማኅተሙ ራሱ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ እባክዎ ሳይቀቅሉት ያሳውቁን።