ስለ ማጣመም፦ በአንዲት ከተማ ስም ላይ የተደረገ ምርመራ

እንግሊዞች «ዲስቶርት» የሚል ግስ አላቸው። ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ጠመዘዘ» ነው፤ መርማሪ ተጠርጣሪን የሚያሰቃይበት «ቶርቸር» እና መካኒክ ብሎን ሲያጠብቅ የሚለካው «ቶርክ» የዚሁ ግስ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። እንግሊዝኛ በዚህ አንድ ቃል ድምፅንም፣ ፊትንም፣ ታሪክንም ያጣምማል። አማርኛ እንዲህ ያለ ቁጠባ አያውቅም። እንጨት ይጣመማል፣ ዜና ይዛባል፣ የጫማ ተረከዝ ይንሻፈፋል፣ ሚስማር ይቆለመማል፣ የጀማሪ ተማሪ ጽሕፈት ይወላገዳል፣ ሰነድ ይደለዛል። «ጫማዬ ተዛባ» ያለ ሰው ከሩቅ አገር መምጣቱ ወዲያው ይታወቅበታል።

እነዚህን ግሶች በአንድ ናሙና ለመፈተን የትግራይ ርዕሰ ከተማ ተመርጣለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስሟን በደረሰበት ያላጣመመ እንግዳ የለም። ጥናቱ ገለልተኝነቱን ለመጠበቅ ሲል፣ ናሙና ለመጥቀስ ካልተገደደ በቀር፣ «ከተማዋ» እያለ ይቀጥላል።

ባለቤቶቿ «መቐለ» ይሏታል። መካከለኛዋ ፊደል ቆብ የደፋች ቀ ናት፤ በትግርኛ ቀ ከአናባቢ ቀጥላ ሳትጠብቅ ስትመጣ ከጉሮሮ እየተፋተገች ትወጣለች። አማርኛ በግዕዝ 26 ፊደላት ላይ ሸን፣ ቸን፣ ኘንና ኸን ሲጨምር ቐን አልጨመረም። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ቆቡን አውልቆ ቀ ይላል። እስከዚህ ድረስ ድርጊቱ በአቅም ማነስ ይታለፋል።

ማብራሪያ የሚያሻው ጅራቱ ነው። ለ ለአማርኛ አፍ የሚከብድ ፊደል አይደለም፤ «ነቀለ»፣ «ከፈለ»፣ «ቀቀለ» ያለ አንዳች እንግልት ይባላሉ። ሆኖም «መቀለ» ቀርቶ «መቀሌ» ጸና። የጥናቱ መላምት የሚከተለው ነው፦ «መቀለ» ለአማርኛ ጆሮ አንድ ሰውዬ ትናንት የፈጸመው ድርጊት ይመስላል። ቦታ ለመምሰል ከባሌ፣ ከሰላሌና ከውጫሌ ጋር መሰለፍ ነበረበት። ግንዱ ደህና ሆኖ ጫፉ ብቻ ስለታጠፈ ድርጊቱ በ«መቆልመም» ተመዝግቧል።

ከዚህ የባሰው በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ሲገኙ ነው። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ ያነሳው ክለብ በአማርኛ የስፖርት ዘገባዎችም «መቐለ 70 እንደርታ» ተብሎ ከነቆቡ ይጻፋል፤ ከተማው ግን እዚያው ዘገባ ውስጥ «መቀሌ» ሲሆን ይታያል። ቡድኑ በቐ ተጉዞ፣ በቐ ተጫውቶ፣ በቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የትግርኛ ጸሐፊም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። አዲስ አበባን «ኣዲስ ኣበባ» ብሎ ይጽፋታል። በትግርኛ አ እና ኣ የየራሳቸው ድምፅ ስላላቸው እርሱ ይህን ማቃናት ይለዋል።

የጣሊያኖች ድርሻ ሰፊ ነው። በ1870ዎቹ ለአፄ ዮሐንስ አራተኛ በከተማዋ ቤተ መንግሥት የሠራው አናጺ ጃኮሞ ናሬቲ ጣሊያናዊ ነበር፤ ሕንጻው እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ መቆሙ ናሬቲን ከተጠርጣሪዎች መዝገብ ያስፍቀዋል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ወታደሮች ናቸው። ያመጣቸው ጠብ ራሱ የተጣመመ ግስ ውጤት መሆኑን፣ ማለትም የውጫሌን ውል አንቀጽ 17፣ ማንኛውም ተማሪ በቃሉ ስለሚያውቀው ጥናቱ አይደግመውም። በጥር 1888 ዓ.ም. ሻለቃ ጁሴፔ ጋሊያኖ እንዳየሱስ በሚባለው ኮረብታ ምሽግ ውስጥ ተከበበ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ተያዘበት፤ ጥሙ ሲጠና ምሽጉን አስረክቦ ወጣ። አገሩ ግን ጀግና አድርጋ አወደሰችው። ከላይ በተሰጠው ምደባ መሠረት ይህ «ማዛባት» ነው። እንዳየሱስ ዛሬ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ መጠሪያ ነው።

የስሙ ዕጣ ከጋሊያኖ የከፋ ሆነ። ጣሊያንኛ ቀ የለውምና «ማካሌ» አለ፤ በዚያ ላይ ላልቶ የኖረውን ለ አጠበቀው። አንዳንዱ በሲ ጻፈ፤ ሌላው ደግሞ ከ21ዱ የጣሊያንኛ ፊደላት ውጭ የሆነውን ኬ ከጎረቤት ተበድሮ ጻፈ። ፓዶቫ ውስጥ ባለ ኬ ጎዳና አለ። በአርጀንቲና ቻኮ ክፍለ ሀገርም በኬና በሁለት ኤል የሚጻፍ ተመሳሳይ ስም ያላት ከተማ ትገኛለች። በስፓኒሽ ግን ሁለት ኤል ሲጣመሩ በብዙ ቦታ ወደ «የ» የቀረበ ድምፅ ስለሚሰጡ፣ ስሙ ወደ «ማካዬ» ይጠጋል። እዚህ ደረጃ ላይ «ማንሻፈፍ» ይበቃል።

በላቲን ፊደል የሚደረገው ጽሕፈት የተወላገደ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ኤል ይጠቀማል፤ አንዳንድ ካርታ ሠሪዎች በአንድ ኤል ረክተው፣ የቀን ጥንካሬ ለማሳየት ከኬ አጠገብ ጭረት ይሰቅላሉ። ከሁሉም ደፋሩ የአቪዬሽን ዓለም ነው። የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ «ኤም ኪው ኤክስ» ነው። ኪው በቀ ምትክ እንደቆመ መገመት ይቻላል፤ ኤክስ ግን በየትኛውም አጻጻፍ፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ በስሙ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ይህ «መደለዝ» ነው። በቀበሌ ሰነድ ላይ ቢሆን ኖሮ «ስርዝ ድልዝ አለበት» ተብሎ ይመለስ ነበር።

ናሙናዎቹ ሁሉ ሲነጻጸሩ ከቦታው ያልተነቃነቀው «መ» ብቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ እርሱም ቢሆን ድምፁ አንዴ «ማ» አንዴ «ሜ» እየሆነ ነው። ጥናቱ ይህን የጋራ መግባቢያ ነጥብ አድርጎ ለማቅረብ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ማጣመም፣ ማዛባት፣ ማንሻፈፍ፣ መቆልመም፣ ማወላገድና መደለዝም በመ እንደሚጀምሩ ስለተስተዋለ ሐሳቡ ለጊዜው ተይዟል።

የአጸፋው መዝገብ ሳይከፈት ምርመራው ሙሉ አይሆንም። ጣሊያኖች ቀን ማለት አቅቷቸው ጥለውት ሲሄዱ፣ ኢትዮጵያውያን በጣሊያንኛ የሌለውን ጠ በስማቸው መነሻ ላይ ተክለው «ጣሊያን» አሏቸው። የላላውን ለ ላጠበቁት ሰዎች ምላሹ «መኪና» ነው፤ «ኪ» የምትለው ፊደል በጣሊያንኛ ጠብቃ የምትነገር ስትሆን በአማርኛ ላልታ፣ ቃሉ፣ አራት ጎማው ሳይጎድል፣ መንገዱን ቀጥሏል። የጠን ጉዳይ በሚመለከት ከሮም፣ ወይም ባለቤቶቿ እንደሚሏት ከሮማ፣ አቤቱታ ቢቀርብ ተያይዞ እንዲታይ መዝገቡ ክፍት ሆኖ ይቆያል።