የዋስ ዋስ

በቤተሰባችን ዘንድ አንዴ ፕሪንተር ያስተካከለ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ የኮምፒውተር ሊቅ ነው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስልኩን አውጥቶ የሚጠብቀኝ አላጣም። በቀደም ደግሞ የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን አቅፋ መጣች፤ ለማስተርስ ጽሑፏ የዝናብ መረጃ ልትተነትን ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ነገር ናት። ሳይፓይና ማትፕሎትሊብን ጫንልኝ።»

ሁለቱም ፓይተን ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ ጥቅሎች ናቸው፤ በፓይተን ሰፈር ደግሞ ትንሽ ነገር የለም። አንድ መስመር ትጽፋለህ፤ ፒፕ የሚሉት ጫኝ እንደ ድሮ መሥሪያ ቤት «ዋስ አምጣ» ይላል። ስሌት የሚሠራው ሳይፓይ ዋሱ ነምፓይ ነው፤ ይሁን። ግራፍ የሚስለው ማትፕሎትሊብ ግን በአንድ ዋስ አይለቀቅም። ቀለም የሚያፈራርቅለት አንድ፣ ፎንት የሚያገላብጥለት አንድ፣ ቀን የሚያሰላለት ዴትዩቲል ደግሞ ሌላ። ዴትዩቲልም በተራው ሲክስ የሚባል ዋስ ይጠራል። ሲክስ ፓይተን 2ን ከፓይተን 3 ጋር ለማስማማት የተሠራ ነው፤ ፓይተን 2 እ.ኤ.አ. በ2020 ድጋፉ ተቋርጦ አርፏል። ሟች ከተቀበረ ወዲያም አስታራቂው ካልመጣ ጉዳያችን አይፈጸምም።

ልጅቱ ያወረደችው ፓይተን ገና ትኩስ ስለነበር ለእሱ የተሰናዳ ሳይፓይ አልወጣም። ፒፕም «እንግዲያው ከጥሬው እገነባዋለሁ» ብሎ ተነሣና የፎርትራን ኮምፓይለር ጠየቀን። ፎርትራን ከአይቢኤም ቤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። እኔን ይበልጠኛል፤ እህቴንም ሳይበልጣት አይቀርም፣ ዕድሜዋን ግን እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች። ይኼ ሽማግሌ ቋንቋ እዚህ ምን ይሠራል ቢሉ፣ ሳይፓይ ሆድ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሲያሰላ የኖረ የፎርትራን ጽሑፍ ነበረ። ሳይንቲስቶች የሚሠራ ነገር አይጥሉም፤ እኔም በዚህ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ኮምፓይለር በሚጠይቅ ላይ ነው።

የሆነው ሆኖ ትንሽ የቆየ ፓይተን አስገብተን፣ ለጥናቷ ብቻ ቬንቭ የሚሉትን የተለየ ማኅደር ከፍተን ሁሉንም እዚያ ጫንን። ዋሶቹ ተሰልፈው ገቡ። ግራፉም ወጣ።

ርዕሱ ግን የባዶ ሣጥን ተርታ ሆነ። ማትፕሎትሊብ ካልነገሩት በቀር ደጃቩ ሳንስ በሚባል ፎንት ይጽፋል፤ እሱ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም። ላፕቶፑ ላይ የነበረውን ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፎንት በአንድ መስመር ስንጠቁመው «የአዲስ አበባ ዝናብ» ብሎ ቁልጭ አለ።

እህቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች።

«ይቺ ጉብ ያለችው ምንድን ናት?»

«ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፣ እማዬ።»

«በክረምት ዝናብ እንደሚበዛ ለማወቅ ነው እስካሁን ያልተኛችሁት?»

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አሁን የቀረን ካርታው ብቻ ነው። ጂዳል የሚባል ነገር ይፈልጋል አሉ።»

ጂዳልን ለመጫን የሞከረ ያውቀዋል። ጫማዬን መፈለግ ጀመርሁ።