ስለ ቁርጭምጭሚቱና ስለ በቅሎው መንገድ ለቤተሰብ የቀረበ ማብራሪያ

ይድረስ አዲስ አበባ ለሚገኘው ለተከበረው ቤተሰብ፤ በተለይም ጉዳዩ በስልክ ወሬ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በሥርዓቱ ተብራርቶ ይቅረብ ብለው ላዘዙት ለታላቅ ወንድም።

ከባሕር ማዶ የሚላክ ደብዳቤ ላኪው ከናፍቆት በቀር ፍጹም ደህና መሆኑን በመግለጽ እንዲጀምር የቆየ ልማድ ያስገድዳል፤ በዚህ ደብዳቤ ግን ያ ሐረግ «ከናፍቆትና ከቀኝ ቁርጭምጭሚት በቀር» ተብሎ እንዲነበብ ላኪው በትሕትና ያሳስባል። ጽሑፉ በሦስተኛ ሰው የቀረበበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ታላቅ ወንድም የራሱን ሕመም ራሱ የሚተርክ ሰው በምስክርነት አይታመንም የሚል ጽኑ አቋም ስላላቸው፣ ላኪው ከወገንተኝነት ለመራቅ ሲል ስለ ራሱ እንደ ባዕድ ለመጻፍ ተገድዷል።

ቤተሰቡ እሑድ እሑድ በስልክ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች ዋነኛው፣ የተሰበረ አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በእግሩ ለመሄድ የሚነሣ ሰው ምን ጎድሎት ነው የሚለው ነው። ጥያቄው አግባብ አለው። በአገር ቤት ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄደው ወይ መኪና አጥቶ፣ ወይም ለቁልቢ ገብርኤል አለዚያም ለግሸን ማርያም ተስሎ ነው፤ መኪና እያለው፣ ስለትም ሳይኖርበት፣ የሥራ ፈቃዱን ወስዶ፣ ምሳውን በጀርባው አዝሎ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚኳትንን ልጅ ደህና ነው ብለው ለጎረቤት ማስረዳት እናትን ቢቸግራቸው አይፈረድባቸውም።

በመጀመሪያ ስብራቱ ምን እንደ ነበር መግለጽ ያስፈልጋል። ቁርጭምጭሚት ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ሲሆን፣ እነዚህም ከውስጥ በኩል የሚወርደው ወፍራሙ የቅልጥም አጥንት፣ ከውጭ በኩል የሚወርደው ቀጭኑ አጥንት፣ እንዲሁም በሁለቱ መካከል ገብቶ የሰውነትን ክብደት ወደ እግር የሚያስተላልፈው ታለስ የተባለው አጥንት ናቸው፤ በግራና በቀኝ ጎልተው የሚታዩት ጉብታዎችም የሁለቱ ረጃጅም አጥንቶች ጫፎች ናቸው። በላኪው ላይ የደረሰው ሁለቱም ጉብታዎች ባንድ ጊዜ የተሰበሩበት ዓይነት ነው። ሰበቡ በዋሽንግተን አካባቢ በብርድ ወራት የሚጥለው የሚረጋ ዝናብ ሲሆን፣ ይኸውም ውሃ ሆኖ የወረደው ዝናብ ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ መሬት ላይ ሲያርፍ ወዲያው በረዶ የሚሆንበት፣ በረዶውም ከሥሩ ያለውን አስፋልት እንጂ ራሱን የማያሳይበት ሁኔታ ነው። ለዓመታት በአፓላቺያን ተራሮች ዳገትና ቁልቁለት ሲመላለስ ምንም ያልነካው ሰው የወደቀው ቆሻሻ ሊጥል ከደጃፉ ሲወጣ መሆኑ ታላቅ ወንድምን እጅግ ስላሳዘናቸው፣ ለዘመድ አዝማድ በሚነገረው ታሪክ አደጋው በተራራ ላይ እንደ ደረሰ ይባል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል፤ ላኪው በዚህ ላይ ተቃውሞ የለውም።

በዚያው ምሽት የተሰበሰቡት የአገር ልጆች ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ይጮኽ ነበር በሚል መርሕ ወለምታ ነው ብለው ወሰኑ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ቅባት አስመጥቶ ለማሸት እጅጌውን ሰብስቦ ነበር። ሆኖም ለዚህ ውሳኔ ከጩኸት የተሻለ መለኪያ አለ፤ በካናዳዋ ኦታዋ ከተማ በዶክተር ኢያን ስቲል መሪነት ተጠንቶ በ1992 (በዚህ ደብዳቤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ይፋ የሆነው የኦታዋ ደንብ፣ ቁርጭምጭሚቱን የታመመ ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም ከጉብታዎቹ የኋላ ጠርዝ ታችኛው ስድስት ሴንቲ ሜትር ሲነካ አጥንቱን ካመመው፣ ራጅ እንዲነሣ ያዝዛል። ላኪው ከአራቱ እርምጃዎች አንዱንም ስላልቻለ ማሸቱ ተሠርዞ በአንደኛው ወዳጅ ታክሲ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። በዚህም ዕድለኛ ነው፤ በ1756 ከፈረስ ወድቆ እግሩን የሰበረው ስመ ጥሩ የለንደን ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት፣ እንደሚተረከው፣ ቤቱ የገባው እዚያው መንገድ ላይ ባስገዛው የበር ሳንቃ ላይ ተጋድሞ ነው።

የእናት ቅሬታ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ በሆነው ላይ ነው። እርሳቸው እንደሚሉት የሰፈሩ ወጌሻ ቢያዩት ኖሮ በሸንበቆ አስረው በአጭር ጊዜ ያስሄዱት ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን ሥጋውን ከፍተው አጥንቱን በፕሌትና በብሎን አሠሩት። ወጌሻ የተከበረ ሙያ ለመሆኑ ክርክር የለም፤ ነገር ግን መጋጠሚያው ድረስ የዘለቀ ስብራት ጉዳዩ ሌላ ነው። በ1976 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ታለስ ወደ ውጭ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢንሸራተት አጥንቶቹ የሚነካኩበት ስፋት በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ያው ክብደት በጠበበ ቦታ ላይ ሲያርፍ አጥንቶቹን የሚሸፍነው ልስልስ ሥጋ ያልቃል፣ ያን ያለቀም የሚመልስ ወጌሻም ሐኪምም የለም። አክስት ብሎኑ ይዝግ እንደ ሆነ ጠይቀዋል፤ ከቲታኒየም ወይም ከማይዝግ ብረት ስለሚሠራ አይዝግም። ሲወጣ ይላክ እንደ ሆነም ጠይቀዋል፤ አይላክም።

ስለ ምግቡ የተላለፈው መመሪያ፣ ማለትም ገንፎው፣ የአጥንት መረቁና በመንገደኛ እጅ የደረሰው ቅቤ፣ በታማኝነት ተፈጽሟል። ሐኪሙ በበኩሉ ቫይታሚን ዲ አዝዟል፤ ይህ አንጀት ካልሲየምን ከምግብ ለመውሰድ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር በቆዳ ላይ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ሲሆን፣ ጥቁር ቆዳ ብዙ ፀሐይ ስለሚፈልግ በሰሜን አገሮች ብርድ ወራት ይጎድላል። ስለዚህ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት የሆነው የአገር ልጅ ፀሐይን በእንክብል ከፋርማሲ እየገዛ ይውጣል። ከዘራውን በተመለከተም ቤተሰቡ በታመመው እግር በኩል እንዲያዝ በአንድ ድምፅ ወስኖ የነበረ ቢሆንም፣ ትክክለኛው አያያዝ በተቃራኒው እጅ መሆኑ በዚህ ይገለጻል፤ በጤናማው በኩል ያለው እጅ ሲደገፍ በታመመው እግር ላይ የሚያርፈው ጭነት ይቀንሳልና።

ቤተሰቡ ከሁሉ በላይ ለመረዳት የተቸገረው ግን፣ ራጁ አጥንቱ መግጠሙን ካሳየ በኋላ ላኪው ለወራት መንገድ ያልሄደበትን ምክንያት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩልየስ ቮልፍ በ1892 እንዳብራራው አጥንት በሚሸከመው ጭነት ልክ ራሱን መልሶ የሚያንጽ አካል ስለሆነ፣ ጭነቱ በመጠን ከተጨመረለት ይጠነክራል። በጀሶና በመከላከያ ቡት ውስጥ የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ በጅማቶችና በጡንቻዎች ውስጥ ያሉ ነርቮች እግሩ በምን ማዕዘን እንዳረፈ ዓይን ሳያይ ለአእምሮ የሚያስታውቁበት ስውር ስሜት ይደነዝዛል። እንዲህ ያለው እግር በሜዳ ላይ እንኳ መሬቱን ስለማያምን ባለቤቱ ጠጠር ሁሉ ላይ እያፈጠጠ ይሄዳል፤ ዳገት በቀስታ ይወጣል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ይቆማል። ብዙ ሰው የሚፈራው እንደገና መሰበሩን ነው፤ ላኪው እንደሚያምነው ግን ከአጥንቱ ይልቅ ዘግይቶ የሚመለሰው ይህ በመሬት ላይ ያለ እምነት ሲሆን፣ ለእርሱ መድኃኒቱ መሄድ ብቻ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ፣ ታካሚው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ካወቀችበት ጊዜ ጀምሮ ማራቶን ሯጭ ነው ብላ ስላመነች የምታዝዘው ሁሉ ከበድ ያለ ነበር። ሁለት ፎቅ በሊፍት የሚወጣ የሒሳብ ሠራተኛ መሆኑን ቢነግራትም ትሕትና መሰላት። በዚህ ስሕተት ውስጥ ጥቂት እውነት ቢኖር፣ በ1960 ሮምን በባዶ እግሩ ያስደነቀው አበበ ቢቂላ በ1968 ሜክሲኮ ላይ በእግሩ አጥንት ላይ የደረሰበትን ስንጥቅ ይዞ ሮጦ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ማቋረጡ ነው፤ ድሉንም ማሞ ወልዴ ወሰደው። ከትእዛዞቿ መካከል ዓይንን ጨፍኖ በአንድ እግር መቆም ይገኝበታል። እናት ይህን ሲሰሙ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት መቆማቸውን አስታውሰው፣ ግማሽ ደቂቃ ምን ያስለቅሳል ብለዋል። ሌላው ትእዛዝ ተረከዝን ከመሬት ሳያነሡ ጉልበትን ወደ ግድግዳ በማስጠጋት መጋጠሚያው ምን ያህል እንደሚታጠፍ መለካት ነበር፤ በሰሙነ ሕማማት ስግደት ሲጀመር ግን ወድቆ መነሣት ያንኑ መጋጠሚያ ከማንኛውም ግድግዳ ይበልጥ እንደሚያጥፍ ታወቀ፣ ባለሙያዋም የተሻሻለውን ቁጥር ስትመዘግብ የራሷ ሥራ ውጤት አድርጋ ነው።

የተመረጠው መንገድ ከዋሽንግተን ጆርጅታውን ሰፈር ተነሥቶ በፖቶማክ ወንዝ ዳር እስከ ኩምበርላንድ ከተማ 297 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ መንገድ ነው። ቦዩ ጀልባ ማመላለሻ የነበረ ሲሆን፣ ጀልባዎቹን ይጎትቱ የነበሩት በዳርቻው የሚሄዱ በቅሎዎች ነበሩ፤ መንገዱም የተሠራው ለእነርሱ ነው። በአገር ቤት በቅሎ የመኳንንት መቀመጫ ሆና ስትከበር በዚህ ግን የድንጋይ ከሰል ጀልባ ትጎትት እንደ ነበር አባት ሲሰሙ ስለ አሜሪካ የነበራቸው ግምት ዝቅ ብሏል። ለተሰበረ እግር ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አይገኝም፤ ጀልባን ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚያደርጉ ሰባ አራት የውሃ በሮች ቢኖሩትም፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ጠቅላላ ከፍታ 184 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው አቀበት ብቻውን ይበልጠዋል።

የመንገዱ ታሪክም ለዘገየ ሰው ያጽናናል። ቦዩና ተፎካካሪው የባቡር ሐዲድ ሥራቸው በአንድ ቀን፣ ጁላይ 4 ቀን 1828 ተጀምሮ፣ ባቡሩ በ1842 ኩምበርላንድ ሲገባ ቦዩ በ1850 ደረሰ፣ ካሰበው የኦሃዮ ወንዝ ግን ሳይደርስ ቀረ። በ1924 ጎርፍ ከዘጋው በኋላ አውራ ጎዳና ሊሠራበት ሲታሰብ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ሐሳቡን የደገፉትን የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ አዘጋጆች አብረው እንዲሄዱ ጠርተው፣ በ1954 ሙሉውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ፤ ከተነሡት ብዙዎች እስከ መጨረሻው የዘለቁት ዘጠኝ ሲሆኑ፣ ቦዩም በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዳኛው ከዚያ የእግር ጉዞ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ፈረስ ተንከባሎባቸው አብዛኞቹ የጎን አጥንቶቻቸው ተሰብረው እንደ ነበር ለታላቅ ወንድም በተለይ ይገለጻል፤ እርሳቸው ምክንያታዊ ሰው ናቸውና የዳኛ ምሳሌ ይቀበላሉ።

ጉዞው የተፈጸመው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድ እየተቆራረጠ፣ ርቀቱም በጥቂቱ እየተጨመረ ነው፤ ማታ ማታ እግሩ ቢያብጥም እንዲህ ያለው እብጠት ለብዙ ወራት መቆየቱ የተለመደ ስለሆነ አያሠጋም። ፈተናው የነበረው ወደ ፍጻሜው አካባቢ የሚገኘው የፖ ፖ ዋሻ ነው። ርዝመቱ 950 ሜትር ሆኖ መሐሉ ድቅድቅ ጨለማ፣ የእግረኛው ወለል ጠባብና ወጣ ገባ ስለሆነ፣ ዓይን ጠጠር ቆጥሮ እግርን ሊረዳ አይችልም። ላኪው መብራት የያዘ ቢሆንም፣ ከፊቱ የሚሄዱት አሜሪካዊ አዛውንት ብርሃን ዓይናቸውን እንደሚያውክ ገልጸው እንዲያጠፋው ስለ ጠየቁት፣ ባደገበት ሥርዓት ደግሞ ለሽማግሌ እምቢ ስለማይባል፣ የፊዚዮቴራፒስቷን ፈተና በጨለማ ተፈትኖ ወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ «እመብርሃን!» ማለቱ ተሰምቷል።

በመጨረሻም የወንድም ልጅ የጠየቀው የጉዞ ጫማ በቅርቡ በሚመጣ መንገደኛ እጅ ይላካል። ቀኝ እግር በመከላከያ ቡት በነበረበት ጊዜ ሁሉ የተለበሰው ግራው ብቻ ስለ ነበር ግራው ጫማ አልቋል፣ ቀኙ ግን አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ ልጁ ኳስ የሚመታው በቀኙ ስለሆነ ግን ቅሬታ አይኖረውም ተብሎ ይታመናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ላኪው