የትናንት ክምር

ተረት ተረት።

ዓባይ ከጣና ተለይቶ በሚወጣበት፣ ባሕር ዳር አጠገብ፣ አያ ጉማሬ የሐይቁ አለቃ ሆኖ ይኖር ነበር። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ ያደርጋል፤ ሲመሽ ወደ ዳር ወጥቶ ሣር ይግጣል። በእሱ ሰፈር ደንገሉ ለምለም ነው፣ ቆሮሶውና አምባዛው አይጠፋም፣ ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች በማለዳ በፊቱ ያልፋሉ። ጣና ሁሉ እንደዚሁ መሰለው።

እንቦጭ የሚሉት አረም የገባው ግን በወዲያኛው ጫፍ፣ በደምቢያ በኩል፣ መገጭ ወንዝ ከሐይቁ በሚቀላቀልበት ነው። እዚህ ላይ ተረት የጨመርኩበት የለም። እንቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ የተነሳው ይህ መጤ አረም ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በተረታችን ግን መጀመሪያ ያየችው ይብራ ናት። ሐይቁን በክንፏ አቋርጣ ለአያ ጉማሬ ነገረችው።

«ጌታዬ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ውሃውን እየሸፈነው ነው።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ደግ ወሬ ይዘሽ መጥተሽ ታውቂያለሽ!» አለና አፉን ሙሉ ውሃ ረጫት። ከዚያን ቀን ወዲህ ይብራ ደግ ደጉን ብቻ ታመጣለት ጀመር።

እንቦጩ ከደምቢያ ወደ ፎገራ ዳርቻ ወረደ። ከብቱ ውሃ የሚጠጣበት ጠፋ፣ ታንኳው መንገድ አጣ። ሮሮው ከጆሮው ሲደርስ አያ ጉማሬ አዋጅ አስነገረ፦ «እንስሳ ሁሉ ወጥቶ ይንቀል። እመት ጦጢት ክምሩን ትቁጠር። ብዙ የከመረ ለምለሙን ግጦሽ ይውሰድ፤ ጥቂት የከመረ ጨው አይቅመስ።»

ዘመቻው ደመቀ። ሰኞ 100 ክምር ተቆጠረ፣ ማክሰኞ 120፣ ረቡዕ 140። ይብራ ቁጥሩን እያደረሰች፣ አያ ጉማሬም በቁጥሩ እየተደሰተ ሰነበተ።

በፎገራ ከብቶች መሐል መቻል የሚባል ውሻ ነበር። መቻል መንጋው ማታ ወደ በረት ሲመለስ ፊት ፊት አይሄድም። ከኋላ፣ ከመጨረሻዋ ጥጃ ጎን ይሄዳል። ማን እንደጎደለ የሚታወቀው ከኋላ ሲሆኑ ነው። እግረ መንገዱን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያሸታል፣ እግሩን አንስቶም ምልክቱን ይተዋል።

ሐሙስ ጠዋት በሬ ከውሃው የጎተተውን እንቦጭ መቻል ጠጋ ብሎ ቢያሸተው የገዛ ራሱ ሽታ አለበት። ትናንት ማታ ምልክቱን የተወበት ክምር ነው። ለካ እንስሳቱ የነቀሉትን ከውሃው ጠርዝ ይከምሩታል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ክምሩን መልሶ ይወስደዋል፤ በማግስቱ ያንኑ ጎትተው ያንኑ ያስቆጥራሉ። ፍየል ታውቃለች፣ አህያ ያውቃል፣ በሬም ያውቃል። የሚናገር ግን የለም፤ የተናገረ ጨው ያጣል። መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ዝምታ በደንብ ያውቀዋል።

መቻል ጮኸ።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲባል ሰምተናል፤ አንተ ደግሞ እኛ በሠራንበት ትጮሃለህ?» አለ አህያ፣ በእርግጫም አለው። መቻል እያነከሰ ሄደ።

በዚያው ማታ ከመንጋው አንድ ጎደለ። የጎደለው አህያ ነበር፤ እንቦጩ የሸፈነውን ረግረግ መሬት መስሎት ገብቶ እስከ ሆዱ ሰምጧል። ሽታውን ተከትሎ ያገኘው መቻል ነው። በሬዎቹ መጥተው ጎትተው እስኪያወጡት ድረስ ከጎኑ ሳይለይ ጮኸ። ስለ እርግጫው አንድም ቃል አልተናገረም።

በማግስቱ መቻል መጮኹን ትቶ አንድ የእንቦጭ ሥር በጥርሱ ነከሰ፤ ከውሃው ጠርዝ አልፎ፣ ደረቁ ሜዳ ላይ ፀሐይ ላይ ጥሎት ተመለሰ። ደግሞ ሌላ። ማንንም አላዘዘም። መጀመሪያ አንዲት አንካሳ ፍየል ተከተለችው፣ ቀጥሎ አህያ፣ ከዚያ ሁሉም። ሥራው ከቀድሞው እጥፍ ያደክማል፤ በዚያ ላይ እንቦጭ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው ይከሳል፣ አሥሩ ክምር አንድ ይሆናል። እመት ጦጢት ማታ ቆጠረች፦ 3 ክምር።

አያ ጉማሬ ቁጥሩን ሲሰማ ውሃው ተናወጠ። «ከ140 ወደ 3! ያሰነፋቸውን አምጡልኝ!»

መቻል የርብንና የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ፣ የፎገራን የሩዝ ማሳ አቋርጦ ባሕር ዳር ገባ። ሌሎቹም ተከትለውት መጡ። ሸንጎው ከዋርካው ሥር ተቀመጠ።

«ሥራ ያስቆምከው አንተ ነህ?»

«ጌታዬ፣ ሥራውስ ገና መጀመሩ ነው። የቆመው አንዱን ክምር አራት ቀን መቁጠር ነው።»

«ምን ማስረጃ አለህ?»

«አፍንጫዬ። የእርስዎ ከእኔ ይተልቃል፤ ፎገራ ድረስ ግን አልሄደም።»

ሸንጎው ትንፋሹን ዋጠ። አያ ጉማሬ ወደ እመት ጦጢት ዞረ። «ዋሽተሽኛል?»

«እኔ አልዋሸሁም፣ ጌታዬ። ክምር ቁጠሪ አሉኝ፣ ክምር ቆጠርኩ። ውሃውን እዪ ያለኝ የለም።»

ሌላ ተራች ቢሆን እዚህ ላይ ጦጢትን ያስቀጣት ነበር። እኔ አልፈርድባትም። መዝገቧ ልክ ነበር፤ በሬውም እውነት ላቡን አፍስሷል፤ ይብራም የተሰጣትን ቁጥር ሳትጨምር ሳትቀንስ አድርሳለች። አንዳቸውም ሳይዋሹ ሐይቁ ተሸፈነ። ጥፋቱ ከላይ በተጠየቀው ጥያቄ ውስጥ ነበር፤ የጠየቀውም አለቃው ነው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አንዳችሁ አልነገራችሁኝም?» አለ አያ ጉማሬ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ አንካሳዋ ፍየል ወደ ፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ ይብራ የመጀመሪያውን ወሬ ስታመጣልዎ ምን አደረጓት?»

ይብራ ክንፏን ሰብሰብ አደረገች። አያ ጉማሬ አያት፤ ለረጅም ጊዜም ምንም አልተናገረም። እሱ ሲቆጣ አይተውት ያውቃሉ፣ ሲያፍር ግን ያዩት ያን ቀን ነው።

«ይብራ፣ በድዬሻለሁ» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ ክፉውን ንገሪኝ፤ ደጉ ይደርሳል።»

እንስሳቱ ወደ ሥራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ አንድ ሌሊት የሐይቁን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ተጓዘ። ፎገራ ዳርቻ ሲደርስ ነግቷል፤ እንስሳቱ ሥራ ላይ ናቸው። ጦጢት መዝገቧን ይዛ ልትቀበለው ሮጠች፤ እሱ ግን አልፏት ወደ ፍየሏ ሄደ፤ ከሥሩ የተነቀለ እንቦጭም ባፉ ሙሉ አነሳ።

«የት ድረስ ልውሰደው?» አላት።

«ማዕበሉ እስከማይደርስበት ነው፣ ጌታዬ» አለች ፍየሏ፣ «ይምጡ፣ ላሳይዎ።»