ጠግቦ ተርቦ የገዛው ወዳጄ

ወዳጄ አዲሱን መኪናውን ተረክቦ ገና ከሻጩ ግቢ ሳይወጣ አዲስ አበባ ደወለ።

«እማዬ፣ ገዛሁ!»

«እሰይ የኔ ልጅ! ምን ገዛህ?»

«ተርቦ!»

ወዲያ ማዶ ዝም አለ። ቆየት ብሎ የእናቱ ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ፤ «ማን ተርቦ?»

ተርቦ ማለት ሞተሩ ላይ ያለ ዕቃ መሆኑን፣ አየር እያመቀ ጉልበት እንደሚጨምር ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ፈጀ። እሳቸውም በመጨረሻ «ይሁን ልጄ፤ ብቻ ቁርስህን ብላ» ብለው መርቀው ዘጉት። ከጎኑ ቆሜ ነበርና ሰሙን ከልጅ፣ ወርቁን ከእናት ሰማሁ።

ይህን የምጽፈው ወዳጄን ላመሰግን ነው። በዲሲ ዙሪያ የምንኖር ሀበሾች መኪና የምንገዛበትን ጥበብ አንዳንዶች ሲያጣጥሉት እሰማለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም። (እኔ የምነዳው 14 ዓመት የሞላት ኮሮላ ነው። ከቃሌ ቅናት የሚሸተው አንባቢ ካለ አፍንጫው ጤነኛ ነው።)

ተርቦ የተራራ ልጅ ነው። አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊዝ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በጭስ ማውጫው በከንቱ የሚወጣውን ጭስ መዘውር አዙርበት፣ መዘውሩ ደግሞ ለሞተሩ ንጹሕ አየር ይመቅለት። ዛሬ ያ መዘውር በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የሚባል አሜሪካዊ የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ወስዶ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለው ፓይክስ ፒክ ጫፍ ላይ በተርቦ አስነሣው። እዚያ ድረስ የወጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። አዲስ አበባ እንኳ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እንግዲህ ተርቦ የሚገባው ሰው ካለ ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ነው።

ወዳጄ የሚኖረው አሌክሳንድርያ ቨርጂንያ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ አየር ሞልቶ በሚፈስበት ሜዳ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሳንባ ቢገዛ ምን ይደንቃል? ትንፋሽ ሞልቶ ተርፎት ሁለተኛ ሳንባ የሚገዛ ነው ጌታ!

«አገር ቤት ልወስደው ነው» ይላል። ይህም ብልህነቱን ያሳያል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ ለሆነ አዲስ መኪና 100 በመቶ ጥሎበት ነበር፤ የወዳጄ መኪና 2,000 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አላስገባም ብላለች። ሳንባው ከተራራው ጋር እንዳይገናኝ ሁለት ሕግና አንድ ውቅያኖስ መሃል ገብተዋል። ወዳጄ ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ የእንጦጦን ዳገት በስልኩ ካርታ ላይ ሲያየው ያመሻል።

ስለ ጉልበቱ እንነጋገር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በአንድ በአንድ ፈረስ ነው። ወዳጄ 250 ፈረስ አለው። ጠዋት ጠዋት 395 ላይ ፔንታጎን አጠገብ ስንደርስ 250ውም ከኔ ኮሮላ ጀርባ ተሰልፈው ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈትለትስ? የቨርጂንያ ሕግ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳን ሰው በቅጣት ወረቀት ብቻ አይሸኘውም፤ በአደገኛ አነዳድ ወንጀል ፍርድ ቤት ያቆመዋል፤ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለበት። የፖሊስ ራዳር የሚያሸት መሣሪያ መኪና ላይ መግጠምም ክልክል ነው። ታዲያ ወዳጄ ተርቦውን እስከ ጥግ የሚረግጥበት አንድ ክፍት መንገድ አግኝቷል፤ ወሬ። ሥራ ቦታ ላይ መኪናው ከዜሮ ተነሥቶ 60 ማይል የሚገባው በስድስት ሰከንድ ተኩል ነው። ኮሎምቢያ ፓይክ ቡና ላይ ስንገናኝ ስድስት ይሆናል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለተኛው ቢራ ላይ አምስት።

ደግሞ ሞተር ከማጥፋቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ያስተነፍሰዋል። ይህ የድሮ ሾፌሮች ወግ ነው፤ የጋለ ተርቦ በድንገት ሲጠፋ ዘይቱ እዚያው ያርር ነበር። የዛሬዎቹ ውሃ ያቀዘቅዛቸዋልና በእርጋታ ለተነዳ መኪና አያስፈልግም። ግን ሁለቱ ደቂቃ ባይኖሩ ጎረቤት በመስኮት ለማየት ጊዜውን ከየት ያመጣል? ድምፁንም ቢሆን ተርቦ ያፍነዋል፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ለዚህ ብለው የሞተር ግሣት በስፒከር ያጫውታሉ። ይህን ስነግረው ያፍራል ብዬ ነበር። ድምፁን ጨመረው።

ወደ ጀርባው እንሂድ፤ የወዳጄ መኪና ስቴሽን ዋገን ነው፤ ስቴሽን ዋገንን ስቴሽን ዋገን ያሰኘው ደግሞ ጀርባው ነው። ስሙ የመጣው ከባቡር ጣቢያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቀደሙት ዋገኖች ጣቢያ እየጠበቁ መንገደኛን ከነሻንጣው ቤቱ የሚያደርሱ ነበሩ። በቁመቱ ሙሉ ዕቃ ይጫንበት ተብሎ የተሠራ የቤት መኪና ነው። በሀበሻ ኑሮ ለዚህ የሚመጥን ሸክም መቼ ጠፍቶ! የ25 ፓውንድ ጤፍ ከረጢት አለ፣ የክርስትና ድስት አለ፣ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ አለ። ወዳጄ ግን የመኪናውን ክብር ከዕቃ ይጠብቃል። ባለፈው የማኅበር ዕለት አንዲት እናት ድስታቸውን አቅፈው ቀረቡት።

«ወንድሜ፣ እቺን ብቻ ከኋላ ጣል አድርግልኝ።»

«እትዬ፣ ሽታው ቆዳው ውስጥ ይገባል።»

«የኔ ጌታ፣ ዶሮ ወጥ ነው እኮ፤ ናፍጣ አይደል!»

ድስቱ በኔ ኮሮላ ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ መኪናዬ ፋሲካ ፋሲካ ትላለች። የወዳጄ መኪና የኋላ ክፍል ግን ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ጎማ፣ በጎማው ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ምንም። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን አጥፎ እንደ መናኝ ይቀመጣል። ፓርኪንግ ውስጥ ሰው በር እንዳያጋጭበት ጥግ ድረስ ሄዶ ስለሚያቆም፣ ከመኪናው እስከ ገበያው ያለውን መንገድ በእግሩ ይሄዳል፤ ጤናው ተሻሽሏል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ቮልቮ 850 ስቴሽን ዋገኑን እንግሊዝ አገር የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ይዞ ሲገባ ሰው ሁሉ ሳቀ። ስዊድኖቹም በአንዱ የሰልፍ ዙር ላይ ከኋላ ትልቅ የአሻንጉሊት ውሻ ጭነው ዞሩ፤ ከሳቂዎቹ ጋር አብረው ሳቁ። እኛ እንዲህ ያለ ቀልድ አንወድም። መኪና የሚሳቅበት ነገር ቢሆን ኖሮ 84 ወር አንከፍልበትም ነበር።

አዎ፣ 84 ወር። ያዕቆብ ለራሔል ያገለገለው ያንኑ ያህል ነው፤ ሲነጋ ያገኘው ልያን ነበር። ወዳጄ ሰባቱ ዓመት ሞልቶ ሲነጋ የሚያገኘው ምን እንደሆነ ከኔ ኮሮላ በላይ የሚነግረው የለም። እስከዚያው ወርሃዊው ክፍያ አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ ከተማው በየዓመቱ የሚጠይቀው የመኪና ግብር አለ፣ ከፕሪሚየም ቤንዚን በታች የማይቀምስ ጉሮሮ አለ። ሰሞኑን ምሳ ስንወጣ አብሮን አይወጣም። «ጾም ነኝ» አለኝ። «የምን ጾም?» ስለው ቁልፉን አሳየኝ።

አንድ ወር ሲሞላው በቁም ነገር ጠየቅሁት፤ «እስቲ ንገረኝ፣ የመጀመሪያ ስሜትህ ምንድን ነው?»

ዓይኑ በራ። የሚስቱ ወንድም መኪናውን ሲያይ ያለ ወትሮው ዝም ማለቱን፣ አለቃው ፓርኪንግ ላይ ቆሞ መዞሩን፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያነሣውን ፎቶ 212 ሰው እንደወደደለት ነገረኝ። (ፎቶውን አይቼዋለሁ። የሚታየው ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ነው፤ ተርቦው ከታች ተደብቋል።)

«እኔ የጠየቅሁህ ያንተን ስሜት ነው» አልኩት።

«ነገርኩህ እኮ!» አለ፤ ግራ ገባው።

ባለፈው ሳምንት እናቱ መጡ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አብሬው ሄድኩ። እሳቸው በዊልቼር፣ ከኋላቸው 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች፤ በገመድ የታሰሩ፣ በርበሬና ሽሮ የሚተነፍሱ። ወዳጄ ሻንጣዎቹን አየ፣ ብርድ ልብሱን አየ፣ እኔን አየ። ኮሮላዋን ቤት ነበር የተውኳት። ጫንን።

እናቱ ከነጫማቸው ገቡ። ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። እሳቸው ግን የሚያዩት ፊቱን ነበር።

«ከስተሃል።»

«ደህና ነኝ እማዬ።»

ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ዳቦ ቆሎ።

«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ አይበላም...»

«ተርቦ ነው ብለህ በስልክ የነገርከኝ አንተው አይደለህ? በል አፍህን ክፈት። በሞቴ!»

ከፈተ። እፍኙ ትልቅ ነበርና ሦስት አራት ፍሬ አምልጦ በወንበሩና በማርሹ መሃል ገባ። ወዳጄ እያላመጠ፣ አንድ ዓይኑን መንገዱ ላይ፣ አንዱን ስንጥቁ ላይ አድርጎ፣ 250 ፈረሶቹን በ40 ማይል እያዘገመ አሌክሳንድርያ አደረሰን። እናቱ ሲወርዱ የመኪናውን ጣራ መታ መታ አደረጉና መረቁት።

«ጥሩ መኪና ነው። አይሮጥም።»